ለሽርሽር ነው ያልኩበት ዓርብ

በዚያ ዓርብ መኪናው ውስጥ የነበርነው አምስት ሰዎች ነን። ከፊት ሹፌሩ ሻፊቅ፤ ፓኪስታናዊ ነው፣ ሲነዳ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ዱዓ የሚያደርግ ዝምተኛ ሰው። ከሱ ኋላ ለብቻዋ እትዬ መዲና፤ የቡድናችን ኃላፊ፣ የከሚሴ ሰው፣ በዕድሜ ከሁላችንም የምትበልጥ። በመጨረሻው ወንበር ላይ ሦስታችን ነበርን፤ በመስኮቱ በኩል ዘይነብ፣ መሃል እኔ፣ በበሩ በኩል ሉባባ። ሌላ ማንም አልነበረም።

ይህን ዝርዝር ሰሞኑን በየማለዳው ሳልፈልግ እደግመዋለሁ። ምክንያቱ ልጄ ሱመያ ናት። ከአንድ ወር በፊት አንድ ክሊኒክ ውስጥ ሥራ ጀመረች፤ ጠዋት ጠዋት የመሥሪያ ቤቱ አውቶቡስ ሪያድ፣ ነሲም ሰፈር ካለው ቤታችን ደጃፍ ይወስዳታል። ውሉን ልትፈርም የተቀመጠች ቀን አረብኛውን እያነበበች ወደ አማርኛ ትመልስልኝ ነበር። እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፣ እሱም አገር ቤት። የሰዓቱን፣ የእረፍቱን አንብባ አንድ መስመር ላይ ስትደርስ፣ ሠራተኛው ከቤቱ ወደ ሥራ ወይም ከሥራ ወደ ቤቱ ሲጓዝ አደጋ ቢደርስበት ሥራ ላይ እንደደረሰበት ይቆጠራል ይላል አለችኝ። ድገሚው አልኳት። ደገመችው። አሁንም ድገሚው ስላት ብዕሩን አስቀምጣ፣

“እማዬ፣ ገና ሥራውን ሳልጀምር ገደልሽኝ እኮ” ብላ ሳቀች።

እኔ መሳቅ አልቻልኩም። ከዚያ ወዲህ አውቶቡሱ ውስጥ ስንት እንደሆኑ፣ እሷ የት እንደምትቀመጥ፣ ጎማው አሮጌ ይሁን አዲስ እጠይቃታለሁ። የሹፌሩን መንጃ ፈቃድ አምጥቼ ላሳይሽ እንዴ ትለኛለች። ብታመጣው ደስ ይለኛል። አባቷ ልጅቷን ተያት ይለኛል፤ እሱ እንቅልፉን ይተኛል። እኔ ግን ደውላ “ገባሁ” እስክትለኝ ድረስ አንድ ሥራ አልይዝም። ሻዬ ይበርዳል። ያጠፍኩትን ልብስ መልሼ እዘረጋዋለሁ። መስኮቱ ጋ እሄድና ምን ልፈልግ እንደመጣሁ ይጠፋኛል።

ያ ዓርብ የሆነው ሱመያ ሳትወለድ ነው፤ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ሪያድ ከመጣሁ ሁለት ዓመት አልሞላኝም። የምሠራው ሸሪካ በምንለው የጽዳት ድርጅት ውስጥ ነው፤ ትምህርት ቤቶችንና ቢሮዎችን እናጸዳለን፣ ማደሪያችንም የድርጅቱ ነው፣ አንድ ክፍል ውስጥ ስድስት ሆነን። ዓርብ ዕረፍታችን ነበር፤ ልብሳችንን እናጥባለን፣ አገር ቤት እንደውላለን፣ ፀጉር እንሠራራለን። በብርዱ ወራት ግን ዓርቡም ሥራ ሆነ። የሪያድ ሰው ብርድ ሲገባ ከከተማ መውጣት ይወዳል። የሸሪካው ሥራ አስኪያጅም ከከተማው ወጣ ብሎ ኢስቲራሃ ነበረው፤ ኢስቲራሃ ማለት በአጥር የተከበበ፣ ቤተሰብ ተሰብስቦ የሚዝናናበት ቤት ነው። ቤተሰቡ ከሰዓት በኋላ ስለሚመጣ እኛ ጠዋት ሄደን ወለሉን አጥበን፣ ምንጣፉን አራግፈን፣ ሽንት ቤቱን አጽድተን እንመለሳለን። ይህ በውላችን ላይ የለም። የሸሪካው ሠራተኛ በሥራ አስኪያጁ የግል ቤት መሥራቱ ቢታወቅ ሥራ አስኪያጁ ራሱ ይጠየቃል።

ስለዚህ እትዬ መዲና አንድ ሥርዓት አውጥታልን ነበር። የሸሪካውን ሰማያዊ ልብስ ለብሰን አንወጣም። መጥረጊያና ሳሙናው እዚያው ኢስቲራሃ ውስጥ ይቀመጣል። ፖሊስ አስቁሞ የት ነው የምትሄዱት ካለ ሽርሽር ነው እንላለን። አንድ ቀን ማደሪያችን ውስጥ በር ላይ ቆማ እንደ ቁርኣን መምህር አንድ በአንድ አስደግማናለች። ሉባባ ተራዋ ሲደርስ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ “ሽርሽር ነው ጌታዬ፣ ሽንት ቤት ለሽንት ቤት እየዞርን” ብላ አስቃን ነበር። እትዬ መዲናም እየተቆጣች ሳቀች።

ሽርሽር የሚያስመስለን ሌላም ነገር ነበር። እኛ ያለ ስንቅ መንገድ መውጣት አናውቅም። አገር ቤት ለገበያ ሲኬድ እንኳ አንድ ነገር ይቋጠራል፤ ባዶ እጁን የወጣ ሰው ያሳፍራል። ኢስቲራሃው ውስጥ ማቀዝቀዣ ሙሉ ምግብ ቢኖርም የሰው ነው፣ አንነካውም። ዘይነብ ሐሙስ ከሥራ ስትገባ ዱቄቱን ታቦካለች። ዳቦውን በጥቁር አዝሙድ ትጋግራለች፣ እንቁላል ትቀቅላለች፣ ድንቹን በሚጥሚጣ ትለውሳለች፣ ሻዩን በትልቁ ፔርሙዝ ትሞላለች። ከሥራ በኋላ አጥሩ ሥር ፀሐይ ላይ የምንዘረጋው ቀይና አረንጓዴ የፕላስቲክ ምንጣፍም ነበራት። ያንን ምንጣፍ ጠቅልላ በክንዷ ሥር ይዛ ስትወርድ ያየ ሰው ለዒድ የምትሄድ ነው የሚመስለው።

ዘይነብ ከእኔ በስምንት ዓመት ትበልጣለች። ባሏ ትቷታል፤ ሐያት የምትባል የአምስት ዓመት ልጇን ከሚሴ አጠገብ ገጠር ለእናቷ ጥላ ነው የመጣችው። እኔን እንደ ታናሽ እህቷ ነበር የምታየኝ። ስታመም ግንባሬን የምትዳስሰው፣ ስልክ ላይ ከእናቴ ጋር ሳለቅስ መሀረብ የምታቀብለኝ እሷ ናት።

ያን ዕለት ጠዋት ዝናብ ጥሎ ነበር። ሪያድ ሲዘንብ አፈሩ የሚሸተው ሽታ ከአገራችን ይለያል፤ እንደ አሮጌ ግድግዳ ነው የሚሸተው። ከከተማው ስንወጣ በመንገዱ ዳር ማገዶ የጫኑ መኪኖች ተደርድረው ይሸጣሉ። በረሃ ሄደው እሳት አንድደው ለሚቀመጡ ሰዎች ነው። ዘይነብ መስኮቱን ትንሽ ከፍታለች፤ መኪና ያጥወለውላታል፣ ስለዚህ የመስኮቱ ወንበር ሁልጊዜ የሷ ነው። ሉባባ፣ ዘይነብ መስኮት ካላገኘች ሻፊቅ መኪናውን ሁለት ጊዜ ያጥባል ብላ ስትቀልድ ዘይነብ በዓይኗ ገላመጠቻት። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ስለ ሐያት ነገረችኝ። በመስከረም ትምህርት ቤት ትገባለች። እናቷ ትንሽ ትቆይ፣ መንገዱ ሩቅ ነው ብላለች። ዘይነብ ግን አልተስማማችም።

“እኔ ያልተማርኩት ይበቃል” አለችኝ። “እሷ ወረቀት ሲሰጧት አንብባ ትፈርማለች።”

እኔ እንቁላል እየላጥኩ ነበር። ወዲያው ከሥራችን አንድ ነገር ፈነዳ። የኋላው ጎማ ነው። ሻፊቅ ያ ረብ ሲል ሰማሁ። መኪናው ወደ ግራ ሄደ፣ ወደ ቀኝ ሄደ፣ ከዚያ በዘይነብ በኩል ተኛና እየተንሸራተተ ሄደ። ስለዚያ ከዚህ በላይ መጻፍ አልፈልግም። ሲቆም እኔ ከሷ ላይ ነበርኩ። እኔ ክርኔ ብቻ ተላጠ። እሷ ስጠራት አልመለሰችም።

አምቡላንሱ መጣና እትዬ መዲናን ወሰደ፤ ትከሻዋ ተሰብሯል። ሉባባ ጭንቅላቷ ደምቶ ስለነበር እሷንም ወሰዷት። ዘይነብን በነጭ ጨርቅ ሸፈኗት። ሻፊቅ መንገዱ ዳር ተቀምጦ ዱዓ ያደርግ ነበር። በእግሩ የቆመ ሰው እኔ ብቻ ስለነበርኩ ፖሊሱ ወደ እኔ መጣ። ወጣት ነው፣ ክፉ አልነበረም፤ ውኃ ሰጠኝ። ከዚያ መሬቱን አየ። ዳቦው አሸዋው ላይ ወድቋል። እንቁላሎቹ እስከ አስፋልቱ ድረስ ተንከባልለዋል። ፔርሙዙ ተሰብሮ ሻዩ ይፈሳል። ምንጣፉ ደግሞ በነፋሱ ተፈትቶ ቀይና አረንጓዴውን አሳይቶ ተዘርግቷል፣ ሰው አምጥቶ ያነጠፈው ይመስላል። ወዴት እየሄዳችሁ ነበር አለኝ።

እንደተማርኩት መለስኩ። “ለሽርሽር” አልኩት።

ጻፈው። አውራ ጣቴን ቀለም ነክሮ አስፈረመኝ። ያኔ በልቤ ምን እንዳሰብኩ ብትጠይቁኝ፣ እትዬ መዲና ያለችውን ሳልረሳ በመናገሬ አላህን አመሰገንኩ።

ዘይነብ እዚያው ሪያድ ተቀበረች። እኛ ሴቶቹ ማደሪያችን ውስጥ ዱዓ አደረግን። ሦስት ሳምንት ያህል ካለፈ በኋላ ጋሽ ዩሱፍ መልእክት ላከብኝ። ጋሽ ዩሱፍ ዲራ በሚባለው ገበያ ውስጥ ትንሽ የሽቶ ሱቅ ያለው የአገራችን ሰው ነው፤ ሪያድ ውስጥ ብዙ ዘመን ስለኖረ ወረቀት ያጋጠመው ሐበሻ ሁሉ ወደሱ ይሄዳል። የዘይነብ እናት በሰው ስልክ ደውለው ልጄ የሞተችው በምንድን ነው፣ ለልጇስ የተባለ ነገር የለም ወይ ብለው ለምነውት ነበር። እሱም ሄዶ ጠይቆ ወረቀቱን አይቷል።

ሱቁ ውስጥ በርጩማ ላይ አስቀምጦኝ ቀስ ብሎ ነገረኝ። ሰው ወደ ሥራ ሲሄድ መንገድ ላይ ቢሞት ሥራ ላይ እንደሞተ ይቆጠራል፤ ለልጁ ካሳ አለው። ሸሪካው ግን ቀኑ ዓርብ ነው፣ ሴቶቹ በዕረፍታቸው ተለምነን ባዋስናቸው መኪና ሲዝናኑ ነበር ብሏል። ፖሊሱ የጻፈው ወረቀትም ይኸንኑ ይላል። ከሥሩ ደግሞ የኔ ጣት አለ።

“እኔ አንቺን ልከስ አይደለም፣ እህቴ” አለኝ። “አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ወደ ሥራ ነበር ወይስ ለሽርሽር?”

እስቲ ላስብበት አልኩት። ወላሂ፣ እስቲ ላስብበት ነው ያልኩት። ከሱቁ ወጥቼ አውቶቡስ የሚቆምበትን አልፌ ሄድኩ፣ ተመለስኩ፣ እንደገና አለፍኩት።

ማደሪያችን ገብቼ ለእትዬ መዲና ነገርኳት። ክንዷ በጨርቅ አንገቷ ላይ ታስሮ አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች። ፊቷ ተለዋወጠ። ቃልሽን ብትለውጪ ለፖሊስ ዋሽቻለሁ ማለትሽ ነው፤ ዋሽቻለሁ ያለ ሰው መጨረሻው ተርሒል ነው፣ በግድ ወደ አገር መባረር፤ ከመሄድሽ በፊትም መታሰር አለ አለችኝ። እናትሽን ማን ሊረዳ ነው አለችኝ። ደግሞ ከአንቺ በፊት ሁለት ልጆች ዓርብ እንሠራለን ብለው ተናግረው በሳምንቱ ሻንጣቸውን ይዘው ወጥተዋል፤ እኔ ያንን አይቼ ነው ሽርሽር በሉ ያልኳችሁ፣ ለራሴ ብዬ አይደለም አለች። እውነቷን ነው። ለሥራ አስኪያጁም ብላ አልነበረም። እንደ ዶሮ ክንፏን የዘረጋችብን መስሏት ነው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት የት እንደገቡ አላውቅም። አንድ መስኮት ሁለት ጊዜ እወለውላለሁ፣ ሌላውን እዘለዋለሁ። ባልዲ ይዤ ወጥቼ ውኃ ሳልቀዳ እመለሳለሁ። የዛሬው ባሌ ያኔ እጮኛዬ ነበር፤ ጀራዲያ በሚባል ሰፈር ከሌሎች የቀን ሠራተኞች ጋር ይኖራል፣ መኖሪያ ፈቃድም የለውም። በስልክ ስነግረው ይህን እኔ ልወስንልሽ አልችልም አለኝ። ተቆጣሁት። ወስንልኝ ብዬ ነበር የደወልኩት።

አንድ ቅዳሜ ሸሪካው የዘይነብን ዕቃ አገር ቤት ለመላክ አዘጋጁ አለን። እኔና ሉባባ ሻንጣዋን አወጣን። ከሆስፒታል የመጣ የታሰረ ፌስታልም ነበር፤ የዚያን ቀን የለበሰችው ልብስ ነው። ሉባባ አልከፍትም ብላ ፊቷን አዞረች። እኔ ፈታሁት። ዓባያዋ፣ ሻርፗ፣ ቀሚሷ። ከቀሚሷ ሥር ሁለት የጉልበት ጨርቆች።

እነዚያን ጨርቆች ዘይነብ ራሷ ነበር የሰፋቻቸው፤ ከአሮጌ ብርድ ልብስ ቆርጣ፣ አራት እጥፍ አድርጋ፣ ከኋላ የሚታሰር ክር አበጅታላቸው። የወለሉ ሴራሚክ ጉልበቷን ይበላታል። እዚያ ደርሳ ማሰር ጊዜ ይወስዳል ብላ ሁልጊዜ ከማደሪያ አስራቸው ነው የምትወጣው፣ በቀሚሷ ሥር ስለሆነ አይታይም። ፊት ለፊታቸው በሳሙናና በክሎሪን ነጥቶ ሳስቷል። ክሩ በመቀስ ተቆርጧል፤ ሆስፒታል ውስጥ ከጉልበቷ ላይ ቆርጠው አውልቀውላታል ማለት ነው።

ሉባባ ዞራ አየቻቸው። ያቺ ነገር ሁሉ ቀልድ የሆነላት ልጅ፣ “ጉልበቱን አስሮ ሽርሽር የሚሄድ ማን አለ?” አለች።

ሰኞ ጠዋት ጨርቆቹን በፌስታል ይዤ ከሉባባ ጋር ልወጣ ስል እትዬ መዲና በር ላይ ቆማለች። ልትከለክለን ነው ብዬ ፌስታሉን ከዓባያዬ ሥር አስገባሁት። ዓባያዋን ለብሳለች፣ በደህናው እጇ ኢቃማዋን፣ የመኖሪያ ፈቃዷን፣ ይዛለች።

“ብቻችሁን ሄዳችሁ ምን ልትሉ ነው?” አለችን። “ሽርሽር በሉ ያልኳችሁ እኔ ነኝ። እሱን እኔ ልንገራቸው። ያላ፣ ሐሳቤን ሳልቀይር እንሂድ።”

ሦስታችንም ከጋሽ ዩሱፍ ጋር ወደ ሥራ ጉዳዮች ቢሮ ሄድን። የተቀበሉን ሰው በዕድሜ የገፉ ናቸው። ለምን ዋሸሽ አሉኝ፤ ፈርቼ ነው አልኳቸው። ጋሽ ዩሱፍ ጨርቆቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ሰውየው ለሰላት ነው የምታስረው ብለው ጠየቁ። እትዬ መዲና፣ ለሰላት የሚንበረከክ ሰው ጉልበቱ ክሎሪን አይሸትም አለች። አንሥተው አሸተቱት። ከዚያ እንድትናገር ፈቀዱላት፤ የሥራ አስኪያጁን ቤት፣ በየዓርቡ የምንሄድበትን ሰዓት፣ መጥረጊያዎቹ የት እንደሚቀመጡ ሁሉንም ነገረቻቸው። ሻፊቅንም ጠርተው ጠየቁት። እሱም ሥራ ነበር አለ።

ሁለት ወር ገደማ ፈጀ። በመጨረሻ ጋሽ ዩሱፍ ደወለና ወደ ሥራ ስትሄድ እንደሞተች ተቆጥሯል አለኝ። ካሳው ለሐያት ነው፤ ነገር ግን የወራሽነት ማስረጃ ከአገር ቤት ፍርድ ቤት ወጥቶ እስኪመጣ ድረስ አይከፈልም። የዘይነብ እናት ይህን ወረቀት የት ሄደው እንደሚያወጡ አያውቁም። የደወሉት በመንደራቸው ባለሱቅ ስልክ ነው፤ ስልኩም መነሣት አቁሟል።

እኔንና ሉባባን ማንም አልነካንም። እትዬ መዲናን ግን ሸሪካው ውሏን አቋረጠና ኹሩጅ መታላት፤ ኹሩጅ ማለት የመጨረሻ መውጫ ነው፣ ወጥተህ አትመለስም። ሻንጣዋን ያሰርኩላት እኔ ነኝ፣ ክንዷ ገና አልጠናም ነበር። የውሳኔውን ግልባጭ ጋሽ ዩሱፍ በፕላስቲክ አሽጎ ሰጣት። ከጡቷ ሥር ደበቀችው። ቤቴ ሳልገባ ወደ ዘይነብ እናት ነው የምሄደው፣ ይዣቸው ፍርድ ቤት እወጣለሁ፣ ስደርስ እደውላለሁ አለችኝ። ይቅርታ ልጠይቃት ፈልጌ የሻንጣዋን ገመድ እንደገና አጠበቅኩ። እሷ ደግሞ የኔን ሻርፕ አስተካከለችልኝና፣ ብርድ እንዳይመታሽ አለችኝና ሄደች።

አልደወለችም። መጀመሪያ በየቀኑ፣ ከዚያ በየሳምንቱ ጠበቅኩ። ጋሽ ዩሱፍ ታሞ አገሩ ገባ፣ እዚያ አረፈ። ቢሮው ሄጄ ስጠይቅ የሟች ዘመድ ነሽ አሉኝ፤ አይደለሁም ስል ለዘመድ ብቻ ነው የምንነግረው አሉ። ሉባባ አግብታ ወደ ጅዳ ሄደች፤ እሷም የምታውቀው የለም። አንዳንድ ቀን እትዬ መዲና ደርሳለች፣ ሐያትም ተምራለች፣ እኔን ለመፈለግ ብቻ ነው ጊዜ ያጡት እላለሁ። አንዳንድ ቀን ደግሞ ታማ መንገድ ላይ ቀርታ ይሆን እላለሁ። ከዚያም የባሰ አስቤባት አውቃለሁ፤ ወረቀቱን ለሌላ ሰው ሸጣው ይሆን ብዬ። እንዲህ ያሰብኩ ቀን ለራሴ አፍሬ ምግብ አልበላ ይለኛል። ክፉ ሰው ብትሆን ኖሮ ያን ሰኞ በር ላይ ባልቆመች ነበር።

ሱመያ ታሪኩን አሁን ነው የሰማችው። ቃልሽን እኮ አስተካክለሻል፣ ከዚህ በላይ ምን ታደርጊያለሽ አለችኝ። ልጅ ስለሆነች እንዲህ ይመስላታል። እኔ ያን ቀን መንገዱ ዳር ወደ ሥራ ነው ብል ኖሮ ወረቀቱ ከመጀመሪያው ቀና ይሆን ነበር፤ ሁለት ወር አይዘገይም፣ የባለሱቁ ስልክም ገና ይነሣ ነበር፣ እትዬ መዲናም በተሰበረ ትከሻዋ የሌላ ሰው ልጅ ዕጣ ተሸክማ አትሄድም ነበር። ይህን ማንም አልፈረደብኝም። ግን ልጄ በወጣች ቁጥር ይመጣብኛል።

ከሚሴና አካባቢው ያላችሁ፣ ወይም እዚያ ዘመድ ያላችሁ ሰዎች፤ እትዬ መዲና ረጅም ናት፣ ጠይም፣ ስትናገር ግራ ዓይኗን ጠበብ ታደርጋለች፣ ቀኝ ትከሻዋ ተሰብሮ የዳነ ነው። ከሪያድ ወረቀት ይዛ መጥታ ሐያት የምትባል ልጅ አያት ቤት ገብታ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ካለ፣ ደርሳ ከሆነም ቀርታ ከሆነም፣ እባካችሁ ንገሩኝ።